ቀይ ስር ለመሃለኛው መደርደሪያ

ሴትዮዋ ባሏን በአይጥ መርዝ ቀስ በቀስ እየጨረሰችው ነው የሚለው ወሬ ከባለሱቋ ባንኮኒ ተነስቶ መንገዱ ጫፍ ለመድረስ አንድ ጠዋት አልፈጀበትም። ማስረጃ አልጠፋም። የምትሠራው አይጥ በሚረባበት መሥሪያ ቤት ነው። ባልየው ደግሞ፣ ያ እንደ ሽቦ ቀጥ ብሎ ይሄድ የነበረ ሰው፣ መንገዱን ከዳር ዳር እየለካ መሄድ ጀምሯል። በቀደም ዕለትማ የጎረቤት በር ከፍቶ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሶፋው ላይ ጋደም ካለ በኋላ የቤቱን እመቤት «ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?» ብሏታል። እሷም ከድንጋጤዋ የተነሳ ሻይ አቀረበችለት። የቤቱ አባወራ ሲመጣ እንግዳው ብድግ አለና «ኖር፣ ግባ ግባ፣ ቤት ለእንግዳ» ብሎ ተቀበለው።

ከዚያ ደግሞ ያ ምሳ ዕቃ አለ። ክዳኑን በላስቲክ አስራ ይዛው ትወጣለች፣ አስራ ይዛው ትገባለች። ባለሱቋ አንድ ቀን ልታግዛት ብላ ብትቀበላት አልሰጥም አለቻት። በቃ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ሰፈሩ በሙሉ ሰውየውን በቁሙ ለቅሶ ሊደርሰው ምንም አልቀረውም።

እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ከአይጦቹ ቤት ወደ ሰውየው ቤት የመጣ አንዳች ነገር የለም። የሄደው ከሰውየው ቤት ወደ አይጦቹ ነው። የሄደውም ቀይ ስር ነው።

ሰፈሩ «የአይጦቹ ሞግዚት» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ሊያሳፍሯት ነበር፤ እሷ ግን «ከሰው ልጅ ሞግዚትነት ይሻላል፣ አይጥ እናቱ ስትመጣ አያሳብቅም» ብላ ስለወደደችው ስድብነቱ እዚያው ሞተ። የምትሠራው አንድ የምርምር መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ መብራቱ በሰዓቱ በራሱ ይበራል፣ በሰዓቱ በራሱ ይጠፋል። ግድግዳውን ይዞ ባለ ሦስት ረድፍ የብረት መደርደሪያ ቆሟል። በየረድፉ አሥራ ሁለት ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን፣ በየሳጥኑ አንድ ነጭ አይጥ። ሰጋቱራ ትቀይራለች፣ ውሃ ትሞላለች፣ እንክብል መኖ መዝና ታድላለች። ይህ ወረቀት ላይ የተጻፈው ነው። ያልተጻፈው ይበዛል። ሳጥን ከመክፈቷ በፊት በጥፍሯ ሁለቴ ታንኳኳለች፤ የሰው ቤት ዘው ተብሎ አይገባም ባይ ናት። ብርድ ሲሆን እጇን በሞቀ ውሃ ሳታሟሽ አታነሳቸውም። አይጥ በጅራቷ ያንጠለጠለ አዲስ ተመራማሪ ካየች አትናገረውም፤ እስኪያስቀምጣት ድረስ ብቻ ታየዋለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የነከሳት አንድ ነው፤ እሱንም «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እጄ ዓሣ ይሸት ነበር» ብላ ምራዋለች።

ባሏ መኪና ቀቢ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ረጭቷል። በደህናው ጊዜ የተጋጨ ነጭ መኪና ሲመጣ ሌላው ቀቢ የፋብሪካውን ቁጥር ሲፈልግ፣ እሱ አንዴ አይቶ ጠብታ ቢጫ፣ ጠብታ ጥቁር ጣል ያደርግና አዲሱን በር ከአሮጌው ገላ ጋር ያዛምደዋል። ነጭ አንድ አይደለም፣ እኔ አርባ ነጭ አውቃለሁ ይል ነበር። የሚረጭበት ክፍል በቆርቆሮ የተከለለ ነው። አቧራ እርጥብ ቀለም ላይ እንዳያርፍ በሩ ይዘጋል፤ አቧራው አልገባም ማለት የቲነሩም ጭስ አልወጣም ማለት ነው። አፍንጫውን በአሮጌ ሻርፕ ይጠመጥማል። ሚስቱ ሻርፑን ስታጥብ የዚያን ቀን የቀባውን መኪና ቀለም ሳትጠይቅ ታውቃለች።

ባለፈው ዓመት አንድ ነጭ መኪና ቀኝ በሩ የአንዱ፣ ግራ በሩ የሌላው ነጭ ሆኖ ወጣ። አርባዎቹ ነጮች አንድ በአንድ ከራሱ መውጣት ጀምረው ነበር። ቀጥሎ ስሞች ወጡ። ገበታ ላይ «ያንን... ያንን ነገር አቀብይኝ» ይላል፤ ያ ነገር ማንኪያ ነው። እጁም መንቀጥቀጥ ያዘ። ሰፈሩ መጀመሪያ ይጠጣል አለ፤ ስካሩ ሲሰለቸው ተመርዟል አለ። በሁለተኛው ላይ ሰፈሩ ሳያውቀው ልክ ነበር፤ የተሳሳተው ማን እንደሚቀዳለት ነው።

ሞግዚቷ ያወቀችው በአፍንጫዋ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ወለል እየወለወለች ሳለ ለዶክትሬቷ የምትሠራ አንዲት ወጣት ተመራማሪ፣ ቆማ የምትበላ ቆማ የምታነብ ልጅ፣ ቡናማ ጠርሙስ ይዛ መጥታ ከፈተች። ሽታው ሲደርሳት ሞግዚቷ ቀና ብላ ወደ በሩ አየች። ባሏ የገባ መስሏት ነው።

በር ላይ ማንም የለም። መወልወያውን ይዛ ወደ ልጅቷ ተጠጋችና ምን እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጅቷም ሳትቸኩል ነገረቻት፦ ቲነር ውስጥ ያለ ኬሚካል ነው፤ በትንፋሽ ደም ውስጥ ይገባል፣ ከደም አንጎል ይደርሳል፣ እዚያ ደርሶ ነርቮቹን እርጥበት ብረትን እንደሚበላው ይበላቸዋል። ይህንን የሚከላከል ነገር አንድ ቅጠል ውስጥ ይገኛል ተብሎ ስለታሰበ ሊሞክሩት ነው።

«አንጎል ይዝጋል ማለት ነው?»

«እንደዚያ ሊሉት ይችላሉ፣ እትዬ።»

«እና ቅጠሉ አንቲረስት ነው።»

ልጅቷ ሳቀች። ሦስት ዓመት ሙሉ ያነበበችውን የቀቢ ሚስት በአንድ የዝገት መከላከያ ቀለም ስም ጨረሰችባት።

ሙከራው እንዲህ ነበር። የላይኛው መደርደሪያ አይጦች ነጭ ካርድ ተለጠፈላቸው፤ እነሱ ኬሚካሉን አይቀምሱም። መሃለኞቹ ቀይ ካርድ አላቸው፤ ኬሚካሉን ብቻ ይወስዳሉ። ታችኞቹ አረንጓዴ ናቸው፤ ኬሚካሉንም የቅጠሉን ጭማቂም ይወስዳሉ። ስምንት ሳምንት ከቆዩ በኋላ ማን ምን ያህል እንደሚያስታውስ ይፈተናል። ሞግዚቷ ቅጠሉን ለሰው ብንሰጠውስ ብላ ጠየቀች፤ ልጅቷ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ገብቷት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ገና ነው አለቻት። መጀመሪያ በአይጥ ይረጋገጥ፣ ከዚያም ብዙ ዓመት አለው። አይጦቹ ላይ ካልሠራ ግን ፋይሉ ይዘጋል፣ ቅጠሉንም የሚያነሳው የለም።

ሌላ ሴት ብትሆን ጭማቂውን በምሳ ዕቃ ደብቃ ወደ ቤቷ ትወስድ ነበር። እሷ ያልተፈተነ ነገር ለባሏ አትሰጥም፤ ሰውየውን ትወደዋለች። ስለዚህ ልትጠብቅ ወሰነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዚያ ቅጠል ከልጅቷም ይልቅ እሷ ተጨነቀች።

በአራተኛው ሳምንት የመሃለኛው መደርደሪያ አይጦች እግራቸው መሳት ጀመረ። ሰባተኛው ሳጥን ውስጥ ያለው ይዞራል። ውሃው ያለበትን ይረሳና ሳጥኑን ዞሮ ዞሮ፣ አጠገቡ ደርሶ ያልፈዋል። ሞግዚቷ «ቀቢው» አለችው። ምሳዋን እየበላች ሳለ ዓይኑ ዓይኗ ላይ አረፈና ከምሳዋ የትንሽ ጣት ያህል ቀይ ስር ቆርጣ ሰጠችው። በሁለት እጁ ይዞ በላው፤ በላ ብቻ ሳይሆን ከበላ በኋላ እጁን ላሰ።

ይሄኔ ስድስተኛውና ስምንተኛው አፍንጫቸውን አሾሉ። ለአንዱ ሰጥቶ አሥራ አንዱን መንሳት ደግሞ ግፍ ነው። በሩ ላይ «ከተመደበው መኖ በቀር ምንም ነገር መስጠት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አለ፤ እሷ ግን ቀይ ስር ሆድ ማባበያ እንጂ መኖ አይደለም ብላ ከራሷ ጋር ተስማማች። ላይኞቹ ጤነኞች ናቸው፣ ምንም አልጎደለባቸውም። ታችኞቹ ቅጠላቸው አላቸው። ምንም የሌላቸው መሃለኞቹ ናቸው። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ ሁለት ቁራጭ ቀይ ስርና አሥራ ሁለት ቅጠል ቆስጣ በዚያ በላስቲክ በታሰረ ምሳ ዕቃ ከቤት እየመጣ ለመሃለኛው መደርደሪያ ይታደል ጀመር። ቁራጮቹ እኩል ናቸው። አዳልታ አታውቅም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። አንድ ክብ ገንዳ አለ፤ ውሃው የወተት ዱቄት ተበጥብጦበት ነጭ ይሆናል፤ ከውሃው በታች ጣት ያህል ዝቅ ብላ የማትታይ ትንሽ ወንበር ትቀመጣለች። አይጡ ይለቀቃል፣ ይዋኛል፣ ወንበሯን አግኝቶ ይወጣል። በማግስቱ የት እንደነበረች ካስታወሰ ቀጥታ ይሄድባታል። ሞግዚቷ የውሃውን ሙቀት እንደ ሕፃን መታጠቢያ በክርኗ ትለካለች፣ የወጣውን በፎጣ ታደርቃለች። ልጅቷ ሰዓት ይዛ ትመዘግባለች።

ነጮቹ ቀጥታ ሄዱ። አረንጓዴዎቹ ትንሽ ተንከራተው አገኟት። ቀዮቹም ትንሽ ተንከራተው አገኟት፤ ልክ እንደ አረንጓዴዎቹ። ልጅቷ ቁጥሩን ደግማ ደጋግማ ደመረች። ቅጠል የወሰዱትና ያልወሰዱት እኩል ከሆኑ ቅጠሉ ከንቱ ነው።

ይባስ ብሎ በማግስቱ ልጅቷ ሰጋቱራ ሳይቀየር በጠዋት መጣች። የመሃለኛው መደርደሪያ ሰጋቱራ በሽንታቸው ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል። ሞግዚቷ ስትደርስ ልጅቷን ሳጥኑ ፊት ቆማ አገኘቻት።

«እየደሙ ነው፣ እትዬ» አለቻት። «ኩላሊታቸው ሄዷል፣ እኔ ደግሞ ሳላይ ቀረሁ። ሐሙስ ለፕሮፌሰሩ የማቀርበው ይህን ነው። ይዘጉታል።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል እንሰማ የነበረው በምሳሌ ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ግን በቁሙ ሆነ። ቀይ ስሩን የበሉት አይጦቹ፣ የሚመታው ቅጠሉ።

ሞግዚቷ ያን ጊዜ አልተናገረችም። ብትናገር ሥራዋ ይሄዳል፤ ከባሏ እጅ ቀለሙ እያመለጠ ባለበት ጊዜ ቤቱ የቆመው በእሷ ሥራ ነው። ባትናገር ቅጠሉ ይቀበራል፤ ለባሏ አንድ ቀን ይደርሳል ያለችው እሱ ነው። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ራሷ የሠራችው መሆኑ ነው።

እራት ላይ ሾርባዋን እያማሰለች፣ እንደ ዋዛ አድርጋ፣ የዛገ ላሜራ ሳይፋቅ ቀለም ቢረጩበትስ አለችው። ማንኪያን «ያ ነገር» የሚለው ሰውዬ እዚህ ላይ አንድ ቃል አልጎደለበትም። ሁለት ወር ያምራል አላት። ከዚያ ዝገቱ ከሥር እየነፋ ይወጣና ቀቢውን ያሰድባል፤ መፋቅ ነው፣ መድኃኒቱ መፋቅ ብቻ ነው።

«ማነው እንዲህ የቀባው?» አላት።

«አንዲት የማውቃት ሴት ናት።»

«ንገሪያት፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ትፋቀው። ከደረቀ ልፋቱ ሁለት ነው።»

ሐሙስ ፕሮፌሰሩ መጡ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሰው ናቸው፣ ግን ቁጥር አያመልጣቸውም። ልጅቷ ወረቀቶቿን ዘረጋች። ቀይ የሆነውን ሰጋቱራ በከረጢት አድርጋ አጠገቡ አኖረች፣ ኩላሊታቸው ሄዷል አለች። ሞግዚቷ ሳትጠራ ገባች፣ የምሳ ዕቃዋን ላስቲክ ፈታች፣ ከረጢቱ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ደም አይደለም» አለች። «ቀይ ስር ነው።»

ፕሮፌሰሩ ምሳ ዕቃውን አዩ፣ ከረጢቱን አዩ፣ እሷን አዩ። ለምን ሰጠሻቸው አሏት። አዘንኩላቸው አለች። ካዘንሽ አይቀር ለምን ለመሃለኞቹ ብቻ ሲሏት ጥያቄው ራሱ ገረማት።

«ሌሎቹማ አላቸው» አለች። «አንዱ ጤናውን፣ አንዱ ቅጠሉን።»

ልጅቷ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ትከሻዋ ይርገፈገፋል፤ ታልቅስ ትሳቅ እስከ ዛሬ አልተናገረችም። ፕሮፌሰሩ ግን አልሳቁም፤ የሁለት ወር ሥራ፣ የሠላሳ ስድስት እንስሳ ነፍስ ብለው ተቆጡ፣ ቁጣቸውም ተገቢ ነበር። ሞግዚቷ ቆማ ተቀበለችው። ሲጨርሱ ቁራጩ ምን ያህል ይወፍር ነበር አሏት። ትንሿን ጣቷን አሳየቻቸው። በየቀኑ? በየቀኑ። ቆስጣም? ቆስጣም። ጻፉት። እነዚህም እኮ ዝገት የሚከላከል ነገር አላቸው አሉ፣ ለራሳቸው ያህል።

አስተዳደሩ ሊያሰናብታት ፈልጎ ነበር። ልጅቷ በሌላ ሰው እጅ አይጦቹ ይደነግጣሉ፣ የደነገጠ አይጥ አያስታውስም ብላ ተሟገተች። ስለዚህ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፣ ምሳ ዕቃዋ ከበሩ ውጭ እንዲቀር ተወሰነ፣ ሙከራውም በአዲስ አይጦች ከመጀመሪያው ተጀመረ።

ቅጣቷ ደብዳቤው አልነበረም። ቅጣቷ ስምንቱ ሳምንት ነው። መሃለኞቹ በአራተኛው ሳምንት እንደገና እግራቸውን ሳቱ፤ ሰባተኛው ሳጥን ውስጥ ያለው አዲሱ አይጥም መዞር ጀመረ። ለዚህኛው ስም አላወጣችለትም። ታንኳኳለች፣ ሰጋቱራውን ትቀይራለች፣ ውሃው ያለበትን በጣቷ ታሳየዋለች፤ በጣት ማሳየት በጽሑፉ ላይ አልተከለከለም። በፈተናው ቀን ወንበሯን ሦስት ጊዜ በአጠገቧ ዋኝቶ አለፋት። ሲያወጡት ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም አድርጋ ፎጣው ውስጥ አቆየችው፤ ፕሮፌሰሩ ቆመው ነበር፣ መነጽራቸውን መፈለግ ጀመሩ።

ውጤቱ ወጣ። አረንጓዴዎቹ ከቀዮቹ በግልጽ ተሻሉ። እንደ ነጮቹ አልሆኑም፣ ግን ተሻሉ። ልጅቷ ሞግዚቷን አቅፋ ዞረች፤ ሞግዚቷም አለቀሰች፣ ሽንኩርት ነው እንዳትል ምሳ ዕቃው ውጭ ነው።

ከዚያ ሬዲዮ መጣ። ልጅቷ ለሬዲዮው «በአይጥ ላይ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ተናግራለች፤ ሲተላለፍ ሦስቱም ቀርተው ቅጠል አንጎልን ከቲነር ያድናል የሚለው ብቻ ወጣ። የትኛው ቅጠል ስላልተባለ ባለሱቋ በዚያው ሳምንት ሳሙናውን ገፍታ ቆስጣ ደረደረች። ትናንት ባሏን መረዘችው ያሉት ዛሬ ባሏን አዳነችው አሉ፤ ወሬው ልብሱን ቀየረ እንጂ ሰፈሩን አልለቀቀም። ባሏ ግን አልዳነም። የጎረቤቱ ሴትዮ በሯን መቆለፍ ለምዳለች፣ እሱም ቆልፋው ሲያገኝ «ወጥታለች» ብሎ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል።

አንድ ቀን ባሏ፣ የሚሠራበት ጋራዥ ባለቤት «ምስጋና አለኝ፣ ትምጣ» ብሎሻል አላት። መልእክቱን የነገራት ከሁለት ቀን በኋላ ነው፣ ቢሆንም ነገራት። ባለጋራዡ ክፉ ሰው አይደለም፤ የታመመ ሠራተኛ ይጠይቃል፣ ሰው ሲሞት አስከሬን ይሸኛል። ከዚህ በፊት ለቆርቆሮው ክፍል ጭስ የሚስብ ማራገቢያና ማጣሪያ ያለው ማስክ ይግዙላቸው ብላ ሁለት ጊዜ ለምናዋለች፤ ሁለቱንም ጊዜ እናያለን ብሏል።

ጠዋት ሄደች። ግቢው ውስጥ፣ አንድ ኮፈኑ የወለቀ መኪና አጠገብ፣ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። በላዩ ላይ መፍጫ፣ የቆስጣ ክምር፣ የቀይ ስር ክምር አለ። ቀቢዎቹ ተሰልፈዋል። እያንዳንዱ አንድ ብርጭቆ አረንጓዴ ጭማቂ ይጨልጥና አፉን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ቆርቆሮው ክፍል ይገባል። ባለጋራዡ ሲያያት ፊቱ በራ። ይኸው ከእናንተው ቤት የወጣ ነው አላት፤ ሬዲዮ ላይ እንደሰማ በማግስቱ ነው የጀመረው፣ ከእንግዲህ ማራገቢያ ምን ያደርጋል? የኔንም የልጆቼንም አንጎል አተረፍሽ፣ እትዬ።

ባሏ ተራው ደርሶ ጠጣ። ብርጭቆውን መለሰ፣ ሻርፑን አፍንጫው ላይ ጠመጠመ፣ ወደ በሩ ሄደ። እሷ ቀድማ በሩ ላይ ቆመች። ሌሎቹ ብርጭቆ እንደያዙ ቀሩ፣ መፍጫው ጠፋ። ያን ጠዋት ለባለጋራዡ ያለችውን ሁሉም ሰምቷል።

«ጋሼ፣ እኛ ጋ ሦስት መደርደሪያ ነበር። ቅጠል የጠጡት ካልጠጡት ተሽለዋል፣ አልዋሽም። ከሁሉም ቀድመው ወንበሯን ያገኟት ግን ላይኞቹ ናቸው። እነሱ ቅጠልም አልጠጡ፣ ቀይ ስርም አልበሉ፤ ያንን ጠርሙስ የከፈተባቸው ብቻ የለም። ባሌን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ለማውጣት ስንት ብርጭቆ ይፈጃል?»